ማበጠሪያና መብረቅ

 

ለዛሬ ያዘጋጀንላችሁ ትምህርት ስለ መብረቅ ነው። ነገር ግን ከሰማይ አንጀምርም። ከራስ ጠጕር እንጀምራለን። «መብረቅና ጠጕር ምን አገናኛቸው?» ትሉ ይሆናል። እስቲ ታገሡን። ንግግሩ ሳያልቅ መልሱን ራሳችሁ ታገኙታላችሁ።

በመካከሉ አንዳንድ አዲስ ቃል ያጋጥማችኋል። አትደንግጡ። ቃሉን ቀስ ብላችሁ አንብቡት። ትርጉሙን ወዲያው እንነግራችኋለን።

እስቲ እንሞክረው

አንድ የፕላስቲክ ማበጠሪያ ፈልጉ። ትንንሽ የወረቀት ቁራጮች ወይም ጥቂት የጤፍ እብቅ በጠረጴዛ ላይ በትኑ። አሁን በማበጠሪያው ጠጕራችሁን አሥር፣ አሥራ አምስት ጊዜ አበጥሩ። ጠጕሩ ደረቅ መሆን አለበት። ቅቤ ወይም ቅባት የነካው ጠጕር ለዚህ ሥራ አይሆንም። ከዚያ ማበጠሪያውን ወደ እብቁ አስጠጉት፤ ነገር ግን አታስነኩት።

ምን ሆነ? እብቁ እየዘለለ ማበጠሪያው ላይ ተለጠፈ፣ አይደል? ሙጫ የለውም። ውሃ አልነካውም። ግን ሳበው።

ሁለተኛ ሙከራ እንጨምር። ከስስ ፌስታል ሁለት ጠባብ ቁራጮች ቅደዱ። ርዝመታቸው አንድ ክንድ፣ ስፋታቸው ሁለት ጣት ያህል ይሁን። ሁለቱን ደርባችሁ ጫፋቸውን በአንድ እጅ ያዙና አንጠልጥሏቸው። በሌላው እጃችሁ ደረቅ ጣቶች ከላይ ወደ ታች ጥቂት ጊዜ እሹአቸው። ስትለቁአቸው ሁለቱ ቁራጮች ተኳርፈው እንደሚለያዩ ሰዎች ወዲያና ወዲህ ይሸሻሉ። ፌስታሉን ግን ከሕፃናት አርቁ፤ አፍና አፍንጫቸውን ሸፍኖ ሊያፍናቸው ይችላል።

እንግዲህ ሁለት ነገር አየን። አንዱ መሳብ ነው። ሌላው መገፋፋት ነው። የሚቀጥለው ነገር ሁሉ በእነዚህ በሁለቱ ላይ የቆመ ነው።

ሙከራው በክረምት ባይሳካላችሁ አትገረሙ። በእርጥብ አየር ጊዜ በነገሮች ገጽ ላይ ስስ እርጥበት ይቀመጣል። እርጥበቱ ኤሌክትሪኩን ቶሎ ይወስደዋል። በበጋ፣ አየሩ ደረቅ ሲሆን፣ በደንብ ይሳካል። በበጋ ማታ የናይለን ሹራብ ስታወልቁ «ጠሽ ጠሽ» የሚለውን ድምፅ ሰምታችሁ ይሆናል። በጨለማም ትንንሽ ብልጭታ ይታያል። ይህንን አስታውሱት፤ ኋላ እንመለስበታለን።

ሙል ማለት ምን ማለት ነው?

በዓለም ላይ ያለ ነገር ሁሉ፣ ድንጋዩም፣ ውሃውም፣ ሰውም፣ አቶም ከሚባሉ እጅግ ትንንሽ ነገሮች የተሠራ ነው። አቶም በዓይን አይታይም። የአንድ ወረቀት ውፍረት እንኳ በመቶ ሺህ የሚቆጠሩ አቶሞች ተደራርበው ነው።

በአቶም መካከል ፕሮቶን የሚባሉ ነገሮች አሉ። በዙሪያው ደግሞ ኤሌክትሮን የሚባሉ አሉ። ፕሮቶንም ኤሌክትሮንም ኤሌክትሪክ አላቸው። ይህ ያላቸው ነገር «ሙል» ይባላል። የፕሮቶን ሙል አዎንታዊ ነው። የኤሌክትሮን ሙል አሉታዊ ነው። አዎንታዊውን በመደመር ምልክት፣ አሉታዊውን በመቀነስ ምልክት እንጽፈዋለን። እነዚህን ምልክቶች ከሒሳብ ትምህርታችሁ ታውቋቸዋላችሁ።

በተለመደው ጊዜ የሁለቱ መጠን እኩል ነው። አንዱ ሌላውን ያጣፋዋል። ስለዚህ ድንጋይ ብንነካ ምንም አይሰማንም። ፕሮቶን ከአቶሙ መካከል በቀላሉ አይወጣም። ኤሌክትሮን ግን ተንቀሳቃሽ ነው። ሁለት የተለያዩ ነገሮች ሲታሹ ኤሌክትሮን ከአንዱ ወደ ሌላው ይሄዳል።

ጠጕራችሁን ስታበጥሩም የሆነው ይኸው ነው። ኤሌክትሮኖች ከጠጕራችሁ ወደ ማበጠሪያው ሄዱ። ማበጠሪያው ትርፍ ኤሌክትሮን ስላገኘ አሉታዊ ሆነ። ጠጕራችሁ ስለጎደለበት አዎንታዊ ሆነ።

ልብ በሉ፤ አዲስ ሙል አልተፈጠረም። ከአንድ ጎተራ አምስት ቁና እህል ወስደን ወደ ሌላው ጎተራ ብንገለብጥ፣ አንዱ በአምስት ይጎድላል፣ ሌላው በአምስት ይሞላል። የሁለቱ ድምር ግን አይለወጥም። ሙልም እንደዚሁ ነው።

አሁን ሕጉን እንናገር። ተመሳሳይ ሙሎች ይገፋፋሉ። የተለያዩ ሙሎች ይሳሳባሉ። ሁለቱ የፌስታል ቁራጮች የታሹት በአንድ እጅ ስለሆነ ያገኙት ሙል አንድ ዓይነት ነው። ስለዚህ ተገፋፉ።

የሊቃውንቱ ታሪክ

የጥንት ግሪኮች ይህንን መሳብ ያውቁት ነበር። የጥንት ዛፍ ሙጫ በመሬት ውስጥ ብዙ ዘመን ኖሮ እንደ ድንጋይ ሲጠነክር ለጌጥ ይሆናል። ይህንን ጌጥ ሲያሹት ገለባና ላባ ይስባል። በግሪክ ቋንቋ ስሙ «ኤሌክትሮን» ነው። ዛሬ «ኤሌክትሪክ» የምንለው ቃል የመጣው ከዚያ ነው።

አዎንታዊና አሉታዊ የሚለውን አጠራር ያመጣው በሰሜን አሜሪካ ይኖር የነበረው ቤንጃሚን ፍራንክሊን ነው። ዘመኑ 18ኛው ምዕት ዓመት ነበር። ኤሌክትሮንን ያገኘው ግን እንግሊዛዊው ጆሴፍ ጆን ቶምሰን ነው፤ ይህም እ.ኤ.አ. በ1897 ዓ.ም. ነበር።

በመካከሉ እ.ኤ.አ. በ1785 ዓ.ም. ሻርል ኩሎም የተባለ ፈረንሳዊ መሐንዲስ ኃይሉን ለካው። መለኪያው በቀጭን ሽቦ የተንጠለጠለ ዘንግ ነበር። ሙሎቹ ሲገፋፉ ሽቦው ይጠመዘዛል። ኩሎምም የጥምዘዛውን መጠን አይቶ ኃይሉን አወቀ።

ያገኘው ሕግ ይህ ነው። የአንዱ ሙል መጠን በእጥፍ ቢጨምር ኃይሉ በእጥፍ ይጨምራል። በመካከላቸው ያለው ርቀት በእጥፍ ቢጨምር ግን ኃይሉ ሩብ ብቻ ይሆናል። ርቀቱ ሦስት እጥፍ ቢሆን ኃይሉ አንድ ዘጠነኛ ይሆናል። ሁለት ጊዜ ሁለት 4፣ ሦስት ጊዜ ሦስት 9 ነውና። ርቀቱ አራት እጥፍ ቢሆንስ? እርሳስ አንሡና ራሳችሁ አስሉት። መልሱ አንድ አሥራ ስድስተኛ ነው።

አሁን አንድ ጥያቄ ይነሣል። እብቁ አልታሸም፤ ሙሉም እኩል በእኩል ነው። ታዲያ ለምን ተሳበ? መልሱ በኩሎም ሕግ ውስጥ አለ። አሉታዊው ማበጠሪያ ሲጠጋ፣ በእብቁ ውስጥ ያሉት ኤሌክትሮኖች ትንሽ ወደ ኋላ ይገፋሉ። በማበጠሪያው በኩል ያለው የእብቁ ገጽ አዎንታዊ ይሆናል። ይህ ገጽ ለማበጠሪያው ቅርብ ስለሆነ በኃይል ይሳባል። የተገፉት ኤሌክትሮኖች ደግሞ ራቅ ስለሚሉ በደካማ ኃይል ይገፋሉ። መሳቡ ከመግፋቱ ስለሚበልጥ እብቁ ዘሎ ይለጠፋል።

መስክ

ማበጠሪያው እብቁን ሳይነካ እንዴት ሊስበው ቻለ? ለዚህ ጥያቄ እንግሊዛዊው ማይክል ፋራዳይ በ19ኛው ምዕት ዓመት መልካም ሐሳብ አመጣ። በእያንዳንዱ ሙል ዙሪያ ኃይሉ የሚደርስበት ስፍራ አለ። ይህም «ኤሌክትሪካዊ መስክ» ይባላል።

ምድጃውን አስቡት። እሳቱን ሳትነኩት ሙቀቱ ይሰማችኋል። ስትጠጉ ይበረታል፤ ስትርቁ ይደክማል። መስክም እንደዚሁ ለሙሉ ቅርብ በሆነው ቦታ ይበረታል፣ በሩቁ ይደክማል። ግን ከሙቀት የሚለይበት ነገር አለው፤ መስክ ወዴት እንደሚገፋም ያመለክታል። አንዲት ትንሽ አዎንታዊ ሙል በመስኩ ውስጥ ብናስቀምጥ የምትገፋበት አቅጣጫ የመስኩ አቅጣጫ ነው።

ስለ መስክ ሁለት ነገር ያዙልን። አንደኛ፣ ሙል ከፍ ብሎ በቆመና ሾጣጣ በሆነ ጫፍ ላይ ይጠራቀማል። ስለዚህ በዚያ ያለው መስክ ከሌላው ይበረታል። ሁለተኛ፣ አየር በተለመደው ጊዜ ኤሌክትሪክን አያሳልፍም። መስኩ ከልክ በላይ ሲበረታ ግን አየሩ ይሸነፋል። ለደረቅ አየር ልኩ በአንድ ሜትር 3 ሚሊዮን ቮልት ያህል ነው። ያን ጊዜ ኤሌክትሪኩ አየሩን ጥሶ ይዘላል። የሹራባችሁ «ጠሽ ጠሽ» ይህ ነው። መብረቅም ይህ ነው።

ከማበጠሪያ ወደ ደመና

እንግዲህ ወደ ሰማይ እንውጣ። በአገራችን ደጋ በክረምት ጧት ፀሐይ ምድሩን ታሞቃለች። እርጥበት ያለው ሞቃት አየር ወደ ላይ ይወጣል። ከሰዓት በኋላ ደመናው እንደ ተራራ ይቆለላል። ከታች የሚታየን ጥቁር ደመና አናቱ ላይ በረዶ ነው። በውስጡ ቀላል የበረዶ ብናኝና ከበድ ያለ የበረዶ ፍሬ በነፋስ እየተናጡ ይጋጫሉ፤ ይታሻሉ። ማበጠሪያና ጠጕር እንደማለት ነው። ቀላሉ ብናኝ አብዛኛውን ጊዜ አዎንታዊ ሙል ይዞ ወደ ላይ ይወጣል። ከባዱ ፍሬ አሉታዊውን ይዞ ወደ ታች ይቀራል።

የአንድ ኤሌክትሮን ሙል ከቁጥር የማይገባ ነው። ነገር ግን «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» ይባል የለም? በደመናው ውስጥ ቁጥር የሌላቸው ሙሎች ሲያብሩ ኃይላቸው ያስፈራል።

የደመናው ሆድ አሉታዊ ሲሆን፣ ከሥሩ ያለው ምድር አዎንታዊ ይሆናል። በእብቁ ያየነው ነገር እዚህ በምድር ላይ ሆነ ማለት ነው። በሁለቱ መካከል መስኩ ይበረታል። በመጨረሻም አየሩ ይጣሳል። ኤሌክትሪኩም በዓይን ጥቅሻ ወደ ምድር ይወርዳል። ኤሌክትሪኩ የሚያልፍበት አየር 30 ሺህ ዲግሪ ያህል ይግላል። ይህ ከፀሐይ ገጽ ሙቀት አምስት እጥፍ ያህል ነው። አየሩ ባንድ ጊዜ ግሎ ሲፈነዳ የምንሰማው ድምፅ ነጐድጓድ ነው።

ፍራንክሊን እ.ኤ.አ. በ1752 ዓ.ም. በነጐድጓድ ጊዜ ካይት አብርሮ መብረቅና የእሽታ ኤሌክትሪክ አንድ መሆናቸውን አሳየ። በተከታዩ ዓመት ጌኦርግ ሪክማን የተባለ ሊቅ በሩሲያ፣ በሴንት ፒተርስበርግ ከተማ፣ የነጐድጓዱን ኤሌክትሪክ ሊለካ ሲሞክር መብረቅ ገደለው። ስለዚህ በማበጠሪያና በእብቅ ሞክሩ እንጂ በመብረቅ በፍጹም አትሞክሩ።

እውቀቱ ለነፍስ ሲሆን

አሁን ዋናው ነገር ላይ ደረስን። ሐምሌ ነው እንበል። ከሰዓት በኋላ አንድ ልጅ ከብት ይጠብቃል። ሰማዩ ጠቆረ። ዝናብ ጀመረ። በመስኩ መካከል አንድ ትልቅ ዋርካ ብቻውን ቆሟል። ልጁ ወዴት ይሮጣል? ወደ ዋርካው። ከብቶቹም ይከተሉታል።

ይህ ልጅ ከዝናብ ሸሽቶ ወደ ሞት ተጠጋ ማለት ነው። ለምን? ከፍ ብሎ የቆመ ነገር ላይ መስኩ እንደሚበረታ ተናግረናል። መብረቁ ብዙውን ጊዜ ዛፉን ይመርጣል። ከዛፉም ወደተጠለለው ሰው ሊዘል ይችላል። ኤሌክትሪኩ ምድር ሲደርስም በአንድ ቦታ አይቆምም፤ በመሬቱ ላይ ይሰራጫል። ለዛፉ ቅርብ በሆነው እግርና ራቅ ባለው እግር መካከል የቮልት ልዩነት ይፈጠራል። ያን ጊዜ ኤሌክትሪኩ በአንዱ እግር ገብቶ በሌላው ይወጣል። የበሬ የፊትና የኋላ እግሮች የተራራቁ ናቸው። ልቡም በመካከላቸው ነው። በአንድ መብረቅ ብዙ ከብት በአንድ ጊዜ የሚያልቀው በዚህ ምክንያት ነው። ቁጣ ወርዶባቸው አይደለም፤ የቆሙበት ቦታ ነው የጎዳቸው።

«ሳይቃጠል በቅጠል» ነውና የሚከተለውን ለቤተሰባችሁ አንብቡላቸው፤ በተለይ ለእረኞች።

1. ብልጭታውን ስታዩ ነጐድጓዱ እስኪሰማ በሰከንድ ቍጠሩ። ድምፅ አንድ ኪሎ ሜትር ለመሄድ 3 ሰከንድ ያህል ይፈጅበታል። ቍጥሩ 9 ከሆነ መብረቁ የወደቀው 3 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ ነው። ቍጥሩ ከ30 በታች ከሆነ ፈጥናችሁ ተጠለሉ። ባትቆጥሩም እንኳ ነጐድጓዱ ከተሰማችሁ መብረቁ ሊደርስባችሁ ይችላል።

2. ብቻውን ከቆመ ዛፍ፣ ከኮረብታ አናት፣ ከሽቦ አጥርና ከወንዝ ራቁ። ሞፈርና ቀንበሩን ፈታችሁ እርሻውን አቁሙ።

3. መልካም መጠለያ በደንብ የተሠራ ትልቅ ቤት፣ ለምሳሌ ትምህርት ቤት ነው። ጣሪያው ብረት የሆነ መኪናም በሩና መስኮቱ ከተዘጋ ጥሩ ነው። ኤሌክትሪኩ በብረቱ ውጪያዊ ገጽ ዞሮ ወደ ምድር ይወርዳል። ፋራዳይ ይህንን እ.ኤ.አ. በ1836 ዓ.ም. በሙከራ አሳይቶታል።

4. የሣር ጎጆ ከዝናብ እንጂ ከመብረቅ በደንብ አያስጥልም። ሌላ መጠለያ ከሌለና ጎጆ ውስጥ ከሆናችሁ ምሰሶውንና ግድግዳውን አትደገፉ።

5. ሜዳ ላይ ሳላችሁ ጠጕራችሁ ቢቆም መስኩ በላያችሁ በርትቷል ማለት ነው። የሚሻል መጠለያ ከሌለ እግራችሁን ገጥማችሁ ቁጢጥ በሉ። መሬት ላይ አትጋደሙ። ብዙ ሰው ከሆናችሁ ተራራቁ።

6. ከመጨረሻው ነጐድጓድ በኋላ 30 ደቂቃ ሳይሞላ ወደ ሜዳ አትውጡ።

ሰው ቢመታስ?

መብረቅ የመታውን ሰው አንዳንዱ «ኤሌክትሪክ አለበት» ብሎ ለመንካት ይፈራል። ይህ ስሕተት ነው። መብረቁ አልፎ ሄዷል፤ በሰውየው ላይ የሚቀር ኤሌክትሪክ የለም። ፍርሃቱ ግን ሊድን የሚችለውን ሰው ያስገድላል። የማይተነፍስና የማይነቃ ከሆነ በጀርባው አስተኙት። በደረቱ መካከል ሁለት እጃችሁን ደራርባችሁ በኃይልና በፍጥነት ተጫኑ። በአንድ ደቂቃ ከ100 እስከ 120 ጊዜ ይሁን። ጥልቀቱ ለአዋቂ ሰው 5 ሳንቲ ሜትር ያህል ነው። የሚያውቅ ሰው ካለ ትንፋሽም ይስጠው። አንድ ሰው ደግሞ ወደ ጤና ጣቢያ ይሩጥ ወይም ስልክ ይደውል።

አንድ ነገር ግን አትሳቱ። ይህ ለመብረቅ ብቻ ነው። የመብራት ሽቦ የያዘውን ሰው ኃይሉ ሳይቋረጥ አትንኩት፤ እናንተንም ይገድላችኋል።

ከመሰነባበታችን በፊት ስለ ቤንዚንም አንድ ቃል። ትንሿ የእሽታ ብልጭታ የቤንዚን ተንን ልታቀጣጥል ትችላለች። ስለዚህ ቤንዚን በጀሪካን ስትቀዱ ለቤንዚን የተሠራ ጀሪካን ይሁን፤ መሬት ላይም አስቀምጡት። መኪና ላይ እንዳለ አታስሞሉት። መሬት ሲነካ ሙሉ ሳይጠራቀም ወደ ምድር ሊሄድ ይችላል። ነዳጅ ጫኝ ቦቴ ከመገልበጡ በፊት በሽቦ ከምድር ጋር የሚያያዘውም ለዚሁ ነው።

ውድ አድማጮቻችንና አንባቢዎቻችን፤ ከማበጠሪያ ተነሥተን መብረቅ ዘንድ ደረስን። እብቁን ያስዘለለውና ዋርካውን የሚሰነጥቀው ኃይል አንድ ነው። ልዩነቱ የመጠን ነው። ይህንን ያወቀ ሰው ሰማይ ሲያጕረመርም ይጠነቀቃል እንጂ ግራ አይጋባም።

በየቡድናችሁ የምትወያዩባቸው ጥያቄዎች እነዚህ ናቸው።

ሀ. ሁለቱ የፌስታል ቁራጮች ለምን ተገፋፉ?
ለ. የሁለት ሙሎች ርቀት አምስት እጥፍ ቢሆን ኃይሉ ስንት ይሆናል?
ሐ. ብልጭታው ከታየ በ6 ሰከንድ ነጐድጓድ ቢሰማ መብረቁ ስንት ኪሎ ሜትር ይርቃል?
መ. በሠፈራችሁ እረኞች በዝናብ ጊዜ የት ይጠለላሉ? የተሻለ ቦታስ የት አለ?

አራተኛውን ጥያቄ በቃል ብቻ አትመልሱት። ወጥታችሁ ቦታውን እዩት፤ ለልጆቹም አሳዩአቸው። በሰላም ቆዩን።